ገበያው የመረጠው ገንዘብ፦ አሞሌ፣ ጠገራ ብርና የኢትዮጵያ ገበያተኛ ውሳኔ

ገንዘብ በመንግሥት ዐዋጅ ብቻ እንደማይቆም፣ ይልቁንም ሻጭና ገዢ በየገበያው ቀን በሚሰጡት ውሳኔ ጸንቶ እንደሚኖር ወይም እንደሚወድቅ የኢትዮጵያ የንግድ ታሪክ በግልጽ ያስረዳል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በአገሪቱ ገበያዎች የገነነው ሳንቲም ነገሥታቷ ያላስቀረጹት፣ በፊደሏ ያልተጻፈበትና በሩቅ አገር የሞተች ንግሥት መልክ የታተመበት የብር ገንዘብ ሲሆን፣ ገበያተኛው እሱን አጥብቆ ይዞ ነገሥታትም ሆኑ ቅኝ ገዢዎች ያቀረቡለትን ምትክ ደጋግሞ መልሷል። ከውጭ የመጡ ብዙ ታዛቢዎች ይህን ጠባይ የአላዋቂነትና የግትርነት ምልክት አድርገው ቆጥረውታል፤ ነገሩ በጥሞና ሲመረመር ግን መረጃ በጠፋበት፣ ማጭበርበር በማይታጣበትና ዳኛ በራቀበት ገበያ ሰው ራሱን ከኪሳራ ለመጠበቅ ያበጀው፣ በዘመናት የተፈተነ ዘዴ ሆኖ ይገኛል።

ሰዎች ስለ መግዛትና መሸጥ፣ ስለ መቆጠብና መበደር በእውን እንዴት እንደሚወስኑ የሚያጠናው የዕውቀት ዘርፍ ባሕርያዊ ኢኮኖሚክስ ይባላል። የቀድሞው የኢኮኖሚ ትምህርት ሰውን ሁሉን ዐውቆና አስልቶ የሚወስን ፍጡር አድርጎ ሲወስደው፣ ይህ ዘርፍ ግን ልማድ፣ ፍርሃት፣ እምነትና የጎረቤት አድራጎት በውሳኔ ላይ ያላቸውን ድርሻ ይመዝናል። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጥናት ሰው አንድ ብር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም አንድ ብር ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ እንደሚበልጥ አስረድተዋል፤ ይህም ኪሳራን የመሸሽ ጠባይ ይባላል። ዊልያም ሳሙኤልሰንና ሪቻርድ ዘክሃውዘር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ሰው የተሻለ አማራጭ ቀርቦለትም እንኳ የነበረውን ይዞ ወደ መቆየት እንደሚያዘነብል አሳይተዋል። እነዚህ አሳቦች የተጻፉት ከኢትዮጵያ ገበያ ርቀው ቢሆንም፣ የአሞሌና የጠገራ ብር ታሪክ አሳቦቹን የሚያጸናበትም የሚያርምበትም ስፍራ አለው።

ከብር ሳንቲም አስቀድሞም ሆነ ከእሱ ጎን ለጎን በሰፊው ሲያገበያይ የኖረው አሞሌ፣ ማለትም ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ከአርሆ የጨው ሜዳ እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣው የጨው ጡብ ነው። ጨው ለመለዋወጫነት ማገልገሉ ጥንታዊ ለመሆኑ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ግብፃዊው ነጋዴ ኮስማስ ምስክር ነው፤ የአክሱም ነጋዴዎች ሳሱ ወደሚባለው አገር ወርደው ወርቅ የሚያገኙት ጨው፣ ብረትና ሥጋ ሰጥተው እንደነበር ይተርካል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስም ጨው በመላ አገሪቱ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል፣ በሚቆረጥበት ስፍራ ለጥቂት ወርቅ ከመቶ በላይ ጡብ እንደሚሰጥና ንጉሡ ከሚገኝበት ከተማ ሲደርስ ግን ለዚያው ወርቅ ከአሥር ያነሱ ጡቦች እንደሚበቁ ጽፏል።

ይህ የዋጋ ልዩነት የመጓጓዣው ድካምና የመንገዱ ቀረጥ ውጤት ነው፤ ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላና ሲራራ ነጋዴ ሲቆም አሞሌ ይወደዳል፤ በጋ ሲሆንና ቅፍለቱ ሲደርስ ይረክሳል። ገበያተኛው ይህን ወቅት እየቆጠረ ይገዛና ይሸጥ የነበረ ሲሆን፣ ጡቡን የሚቀበለውም መርምሮ ነበር፤ ጥግ የተሸረፈ፣ በዝናብ የሟሟ ወይም ከመካከሉ የተሰበረ አሞሌ ከጎደለው ክብደት በላይ ዋጋው ይወርዳል። የቀረው ጨው እንደ ቀድሞው ጣፋጭ ሆኖ ሳለ ስብራቱ ዋጋውን ይህን ያህል መጣሉ ለእንግዳ ሰው ምክንያት የሌለው ይመስል ይሆናል፤ ሆኖም ሚዛን ባልተዳረሰበት ገበያ ጡብን በቁጥር ብቻ መቀበል የሚቻለው ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ እስከያዘ ድረስ ነውና፣ የጎደለውን የተቀበለ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ከሌላው ጋር መከራከር እንደሚጠብቀው ያውቃል።

አሞሌ ሌላም ትልቅ ባሕርይ ነበረው። ሌላ ሰው አልቀበልም ቢል እንኳ ባለቤቱ ወጥ ሊያጣፍጥበት፣ ለከብቱም ሊያልሰው ይችላል፤ ስለዚህ አሞሌ የያዘ ሰው ሊደርስበት የሚችለው ኪሳራ ወሰን አለው። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለሰው ጠባይ የተነገረ ቢሆንም የገበያተኛውንም ሕግ ይገልጻል፤ ገንዘብ መባል ብቻውን አይበቃም፤ ስሙ ቢገፈፍ በእጅ የሚቀር ጥቅም ሊኖረው ይገባል። ይህ ሕግ ከአሞሌ በኋላ በመጡት ገንዘቦች ዕድል ላይ ሁሉ ሲፈርድ ይታያል።

ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ እየተባለ የተጠራው ሳንቲም የኦስትሪያ ገዢ የነበረችው የማርያ ቴሬዛ መልክ የታተመበት ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ 28 ግራም፣ የብር ይዘቱም ከሺህ 833 ያህል ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም፣ ሳንቲሙን የለመዱት የምሥራቅ ሜዲትራኒያንና የቀይ ባሕር ነጋዴዎች ሌላ መልክ ያለውን ለመቀበል ስላልፈቀዱ፣ የኦስትሪያ መንግሥት ያንኑ መልክና ያንኑ 1780 የሚል ዓመት ሳይለውጥ ማተሙን ቀጠለ። ሳንቲሙ ከአውሮፓ ወደቦች ተነሥቶ በግብፅና በዐረብ ምድር በኩል ወደ ምፅዋና ወደ ሌሎቹ የቀይ ባሕር ዳርቻዎች ሲደርስ፣ በምትኩ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ቆዳና በዚያ ዘመን እንደ ሸቀጥ ይሸጡ የነበሩ ባሪያዎች ይወጡ ነበር።

ገበያተኛው ይህንንም ቢሆን በጭፍን አልተቀበለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን የጎበኙ ተጓዦች ሻጩ እያንዳንዱን ብር ገልብጦ እንደሚያይ፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ የተደረደሩት ነጠብጣቦች፣ በራሷ ላይ ያለው ጌጥና ከምስሉ ግርጌ የተቀረጹት ሁለት የላቲን ፊደላት ጎልተው መታየታቸውን እንደሚያረጋግጥ፣ አንዱ ከደበዘዘም ብሩን መልሶ እንደሚሰጥ በመገረምና አንዳንዴም በምሬት ጽፈዋል። ሁለቱ ፊደላት ሳንቲሙ መጀመሪያ በታተመበት በጉንዝቡርግ ከተማ የነበሩ ሁለት የማተሚያ ቤት ሹማምንት ስም መነሻዎች ናቸው፤ ለገበያተኛው ግን ትርጉማቸው ሳይሆን በቦታቸው መገኘታቸው ነበር ቁም ነገሩ። በሳንቲሙ ጠርዝ ዙሪያም «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ፊደሉ ወጣ ወጣ ብሎ ስለተቀረጸ፣ ጠርዙን ፍቆ ብር የሚሰርቅ ሰው ወዲያው ይታወቅበታል።

የኢኮኖሚ ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ሻጭ ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ገዢ የማያውቅ ከሆነ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ እንደሚያስወጣ አስረድቷል፤ ይህም የመረጃ አለመመጣጠን ይባላል። በገንዘብ ረገድ የመረጃው ባለቤት ከፋዩ ነው፤ ብሩ መዳብ የበዛበት ወይም የተቀለጠ እርሳስ የተሞላ መሆኑን ከፋዩ ቢያውቅም ተቀባዩ አያውቅም። የማዕድን መፈተኛ መሣሪያ በሌለበት አገር ተቀባዩ ያለው መከላከያ ዓይኑ፣ የሳንቲሙ ድምፅና ለረጅም ዘመን የሚያውቀው መልክ ብቻ ነው። ነጠብጣብ መቁጠር አጉል እምነት ሳይሆን ርካሽ ምርመራ ነበር፤ ቅርጹ የተሟላ ብር ብዙ ያልተፋቀና ያላለቀ ለመሆኑ ምልክት ነውና፣ ያልተማረ ገበሬም በጥቂት ጊዜ ሊያከናውነው የሚችል ፈተና ሆኖ አገልግሏል። ክሊፎርድ ጊርትዝ የተባለው አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1978 የሞሮኮዋን የሰፍሩ ከተማ ገበያ መሠረት አድርጎ በጻፈው ጥናት፣ መረጃ ውድ በሆነበት ገበያ ሰዎች ከሚያውቁት ሻጭ ጋር ደንበኝነት እንደሚመሠርቱ አመልክቷል፤ የኢትዮጵያ ገበያተኛም ከነጋዴ ጋር እንደሚያደርገው ሁሉ ከሳንቲም ጋር ደንበኝነት ገጥሞ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ከተቀባዩ ራስ ውጭ ያለ ነው። ኦስትሪያዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ካርል ሜንገር እ.ኤ.አ. በ1892 ስለ ገንዘብ አመጣጥ በጻፈው ድርሰት፣ ሰው አንድን ነገር እንደ ገንዘብ የሚቀበለው ራሱ ስለሚፈልገው ሳይሆን ሌላው እንደሚቀበለው ስለሚያምን ነው የሚል አሳብ አቅርቧል። በጎጃም ገበያ በሬውን የሸጠ ገበሬ በእጁ የገባው ብር ንጹሕ መሆኑን ቢያምንም እንኳ፣ ነገ ማረሻ ወይም አቡጀዲ የሚሸጥለት ሰው ካልተቀበለው ለእሱ ጥቅም የለውም። እያንዳንዱ የሌላውን እምቢታ አስቀድሞ እያሰበ ሲወስን፣ የሁሉም ጥንቃቄ ተደምሮ ማንም ብቻውን ሊለውጠው የማይችል ልማድ ይሆናል። የነበረውን ይዞ መቆየት እዚህ ላይ የአእምሮ ስንፍና ሳይሆን የሌሎችን አድራጎት በትክክል መገመት ነው።

ይህ ማለት ልማዱ ያለ ዋጋ ነበር ማለት አይደለም። ጠገራ ብር ለዕለት ፍጆታ እጅግ ትልቅ ገንዘብ ስለነበረ፣ ጥቂት ቅመም ወይም አንድ ቁና እህል የሚፈልግ ሰው ብሩን በአሞሌ መመንዘር ነበረበት፤ የምንዛሪው ልክም እንደ ወቅቱና እንደ ገበያው ስለሚለዋወጥ ትርፉ ለመንዛሪው ሆኖ ጉዳቱ ትንሽ በትንሽ በሚገዛው ድኻ ላይ ይወድቅ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጠመንጃ ጥይት ሳይቀር በመልስነት ማገልገሉ የዝርዝር ገንዘብ ችግር ምን ያህል እንደነበረ ያሳያል። መልኩ የደበዘዘ ብር የደረሰውም ሰው የብሩ ማዕድን ሳይጎድል ዋጋው ይቀንስበት ነበር። አገሪቱም የገንዘቧ አቅርቦት በውጭ ማተሚያ ቤትና በውጭ ነጋዴ እጅ የተያዘ ሆነ፤ የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1867 እና 1868 በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ጦር ሲያዘምት ስንቅና አጋሰስ የሚገዛበት ገንዘብ በራሱ ሳንቲም ሊሆንለት ስላልቻለ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ማርትሬዛ ከቪየና አሳትሞ ማምጣት ግድ ሆኖበታል።

የልማዱ ጽናት ይበልጥ የተፈተነው ተወዳዳሪ ገንዘቦች ሲመጡ ነው። ኢጣሊያ ኤርትራን ቅኝ ግዛት ባደረገችበት እ.ኤ.አ. በ1890 የንጉሥ ኡምቤርቶ መልክ ያለበትን ታለሮ አውጥታ ማርትሬዛን ለመተካት ሞከረች፤ የዚህ ሳንቲም የብር ይዘት ከሺህ 800 ስለነበረ ከማርትሬዛ ያንሳል፤ ገበያውም አልተቀበለውም። እምቢታው በይዘቱ ማነስ ብቻ የመጣ እንዳይመስል ግን ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1918 የሴት ምስል ያለበትና ከማርትሬዛ ጋር እንዲመሳሰል ታስቦ የተሠራ፣ በክብደትም በብር ይዘትም ከእሱ የማያንስ ሌላ ታለሮ አወጣች፤ ይህም ከሽፏል። መመሳሰሉ ራሱ ጥርጣሬን ሳያነሣ አልቀረም፤ ሐሰተኛ ሳንቲምን በመልኩ ለመለየት የሠለጠነ ዓይን፣ የሚያውቀውን ምስል የሚመስል ግን ያልሆነ ሳንቲም ሲያይ አስመሳይ መሆኑን ይፈርዳል።

ዳግማዊ ምኒልክ በራሳቸው መልክና በይሁዳ አንበሳ ምልክት የተቀረጸ ገንዘብ እንደሚያወጡ እ.ኤ.አ. በ1893 አሳውቀው፣ በሚቀጥለው ዓመት በፓሪስ የታተመውን ብር ከአላድ፣ ከሩብ፣ ከተሙንና ከሌሎቹ ዝርዝሮች ጋር ወደ ገበያ አስገቡ። የምኒልክ ብር ክብደት 28 ግራም ያህል፣ የብር ይዘቱም ከሺህ 835 ስለነበረ ከማርትሬዛ ጋር እኩል ነው ቢባል ስሕተት የለበትም፤ በመሆኑም ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡን ያላጭበረበሩ መሆናቸው ግልጽ ነው። ሆኖም ከአዲስ አበባና ከሐረር አካባቢ ርቆ በተሄደ ቁጥር ገበያተኛው ማርትሬዛን መምረጡን አላቆመም። ትርጉም ያለው ስኬት ያገኙት ዝርዝሮቹ ናቸው፤ ምክንያቱም ጠገራ ብር ሊሞላው ያልቻለውን ክፍተት፣ ማለትም የትንሽ ግዢ መልስን ችግር፣ ለመፍታት የመጡት እነሱ ነበሩ። ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት፣ አዲስ ነገር በልማድ ላይ የሚረታው ልማዱ ደህና አድርጎ በሚሠራበት ቦታ ሳይሆን ልማዱ በሚጎድልበት ቦታ ሲገባ መሆኑ ነው።

የወረቀት ገንዘብ ፈተና ከዚህም የከበደ ነበር። ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1906 በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሮ፣ በ1915 የወረቀት ገንዘብ ቢያወጣም፣ ወረቀቱ ከዋና ከተማውና በምድር ባቡሩ መስመር ካሉት የንግድ ከተሞች እምብዛም አላለፈም። ጠገራ ብር የያዘ ሰው ብሩ ባይሸጥለት ለአንጥረኛ ሰጥቶ መስቀል፣ አምባር ወይም የአንገት ጌጥ ሊያሠራው ይችላል፤ መሬት ውስጥ ቀብሮም ለልጁ ሊያወርሰው ይችላል። ወረቀት ግን ምስጥ ይበላዋል፣ እሳት ያቃጥለዋል፣ አውጪው ባንክ ቢወድቅም ባዶ ይቀራል። ኪሳራን የመሸሽ ጠባይ እዚህ ላይ በተግባር ይታያል፤ ገበያተኛው ያመዛዘነው ወረቀት የሚሰጠውን የመሸከም ምቾት ሳይሆን የከፋው ቢመጣ በእጁ የሚቀረውን ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ባንኩን ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ ሲያደርጉት ተቋሙ የአገር ሀብት ቢሆንም፣ በገጠሩ ገበያ ያለው የብር ሳንቲም የበላይነት ግን ወዲያው አልተነካም።

ይህን ጠላትም ያውቅ ነበር። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 የማርትሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮም ማሳተም የጀመረው፣ ወታደሩ የሚበላውን እህልና የሚጭንበትን ከብት በሊሬ መግዛት እንደማይችል ስለተረዳ ነው። እንግሊዝም፣ ፈረንሳይም፣ ቤልጂክም በተከታታይ ያንኑ የ1780 ሳንቲም በየአገራቸው ማተም ጀመሩ፤ ስለዚህ የኢትዮጵያና የቀይ ባሕር ገበያተኛ ምርጫ በአውሮፓ ታላላቅ ከተሞች ያሉ ማተሚያ ቤቶችን ሥራ ለመወሰን በቃ። በወረራው ዘመን ሊሬ በግድ ቢታወጅም ሕዝቡ ጠገራ ብሩን እየሰወረ፣ ሊሬ የደረሰውም ቶሎ እያስተላለፈው ኖረ። ይህም ሰው የተሻለውን ገንዘብ እየቆጠበ የሚጠራጠረውን ቀድሞ እንደሚከፍል ለሚያስረዳውና የግሬሻም ሕግ ለሚባለው አሳብ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ከነጻነት በኋላ ማርትሬዛ፣ ሊሬና የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ጎን ለጎን ሲያገበያዩ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በወረቀትና በሳንቲም ወጣ። የመንግሥት ባንክ ሹማምንት ከቀደሙት ሙከራዎች ተምረው ነበር፤ ሃምሳ ሳንቲሙን ከአሜሪካ በውሰት ከተገኘ እውነተኛ ብር አስቀርጸው ከወረቀቱ ጋር አብረው አቀረቡት። ገበያተኛው ማየት፣ መመዘንና ማስጮህ የሚችለው የብር ሳንቲም ከወረቀቱ ጎን ስለቆመ፣ ወረቀቱ ከሳንቲሙ እምነት ተበደረ ማለት ይቻላል። ሰዎች ብሩን ማከማቸታቸው ባይቀርም አዲሱ ገንዘብ ሥር እየሰደደ ሄደ፤ ጠገራ ብርም ከመገበያያነት ወጥቶ በአንገት ጌጥነትና በአንጥረኛ ከውር ላይ ቀረ።

ተመሳሳይ ሒደት በሌሎች የአፍሪካ ገበያዎችም ታይቷል። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ማኒላ የተባለው የመዳብና የነሐስ አምባር ለዘመናት ሲያገበያይ ኖሮ፣ የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር የራሱን ሳንቲም ካወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላም ከገበያ አልጠፋም፤ አስተዳደሩ ሊያስወግደው የቻለው እ.ኤ.አ. በ1948 እና 1949 ከ30 ሚሊዮን በላይ ማኒላ በምንዛሪ ከሕዝቡ ሰብስቦ ከገዛ በኋላ ነው። እዚያም እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ ክልከላ ብቻውን አልሠራም፤ አሮጌውን የያዘው ሰው ሳይከስር ወደ አዲሱ የሚሻገርበት መንገድ ሊበጅለት አስፈልጓል።

እንግዲህ የአሞሌና የጠገራ ብር ታሪክ በአፍሪካ ገበያ የሚወስን ሰው ልማደኛ ስለሆነ ብቻ አዲስ ነገር ይገፋል የሚለውን አስተሳሰብ ውድቅ ያደርጋል። ገበያተኛው ጨውንም፣ የባዕድ ሳንቲምንም፣ ጥይትንም፣ የምኒልክን ዝርዝርም ተቀብሏል፤ የተቀበላቸው በራሱ ሊፈትናቸው ስለቻለ፣ ጎረቤቱ እንደሚቀበላቸው ስላመነና ነገሩ ቢበላሽ ከባዶ እጅ ስለሚያድኑት ነው። እነዚህ ሦስት መመዘኛዎች ያልተሟሉለት ገንዘብ የንጉሥ መልክ ይኑረው የድል አድራጊ ሠራዊት ይደግፈው ከገበያ ተመልሷል። ዛሬም አዲስ የክፍያ ዘዴ ወይም አዲስ የብድርና የቁጠባ አሠራር ለሕዝብ የሚያቀርብ ማንኛውም ተቋም ሕዝቡ ለምን አልተቀበለም ብሎ ከመውቀሱ በፊት፣ ያቀረበው ነገር በእነዚህ ሦስት መመዘኛዎች ሲለካ የት ላይ እንደሚጎድል ሊመረምር ይገባዋል።